አልኮሉ ያልደረቀበት ወረቀት

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ነበር። ባክቴሪያ ከሚያድግበት ማሞቂያ ውስጥ ሳህኖቹን ሳወጣ አንዱ ላይ ጥርት ያለ ክብ አየሁ።

እኔ የላቦራቶሪ ዕቃ አጣቢ ነኝ። ሳህኑ ላይ ያለው ባክቴሪያ ከታላቅ ወንድሜ እግር ቁስል የተወሰደ ነው። አራት ዓይነት መድኃኒት ተሞክሮ አንዱም አልበገረውም። ተመራማሪዋ ከኩሬ ላይ የሚሰበሰብ አረንጓዴ አልጌ አድርቃ አልኮል ውስጥ ትዘፈዝፋለች፤ ከዚያ ትንሽ ክብ ወረቀት በጭማቂው ነክራ ባክቴሪያው ላይ ታስቀምጣለች። ባክቴሪያው ከሞተ በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ክብ ይቀራል።

እሷ እስክትገባ አልጠበቅኩም። ሆስፒታሉ እዚያው ግቢ ነው፤ እየሮጥኩ ሄድኩ።

ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው፤ ልብስ ሰፊ ነበር። ሐኪሙ እግሩ ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ እንደሚገባ ነግሮት፣ እንዲፈርም የስምምነት ቅጽ ሰጥቶታል።

«አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታለከልኪው?»

«ጋሼ፣ ገደለው! አልጌው ገደለው!»

«እሰይ!» ብሎ ቅጹን ትራሱ ሥር ወሸቀው። «ይሄ ሐኪም ሜትር እንኳ ሳይዝ ነው ሊቆርጥ የሚመጣው። እኔ ሱቅ ቢቀጠር አንድ ቀን አያድርም!»

«ፊርማውስ?»

«የምን ፊርማ? የስፌት መኪናውን ፔዳል አንቺ ልትረግጪልኝ ነው?»

ሁለታችንም ሳቅን።

ስመለስ ተመራማሪዋ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አንስታ ታያለች። «ይሄኛውን አይተሽዋል?» አለችኝ። ለማነጻጸሪያ የተቀመጠ፣ አልኮል ብቻ የነካው ወረቀት ነው። በእሱም ዙሪያ ያንኑ የሚያህል ክብ አለ። ወረቀቶቹ በደንብ ሳይደርቁ ነው የተቀመጡት፤ ባክቴሪያውን የገደለው አልኮሉ ነው።

«ቢሠራም እኮ ሰው ላይ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል» አለች። «ለወንድምሽ አልተናገርሽም አይደል?»

«አልተናገርኩም» አልኳት።

የዚያን ዕለት ልነግረው ይገባ ነበር። ረቡዕ ስሄድ ለሚስቱ የትኞቹን ሱሪዎች አስቀድሞ እንደሚጨርስ ይነግራታል። ሳልነግረው ወጣሁ። ሐሙስ ጠዋት ስገባ ያንቀጠቅጠው ነበር፤ ትኩሳቱ ብርድ ልብሱን አልፎ ይሰማል።

«ጋሼ፣ አልጌው አይደለም። ተሳስቻለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከማክሰኞ።»

ትንሽ አየኝና «እስክሪብቶ አምጪ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ እግሩ ተቆረጠ። ኢንፌክሽኑ ግን ቀድሞ ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት ሞተ። ማክሰኞ ቢፈርም ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት። «አላውቅም» አለኝ።

ከቀብሩ በኋላ ለተመራማሪዋ እውነቱን ነገርኳት። አላባረረችኝም። ሳህኖቹን ከማሞቂያ የምታወጣው ግን አሁን እሷ ናት።

ወረቀቶቹ በደንብ ደርቀው ሙከራው ሲደገም፣ በአልጌው ዙሪያ የሁለት ሚሊሜትር ክብ ወጣ። አሁን አይጦች ላይ እየተሞከረ ነው።