ጠዋት ጠዋት የሚቆራርጠው ኮሮላ

የጋሽ ደረጀ ኮሮላ ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ጋራዤ ሲደርስ ግን ምንም አይገኝበትም። ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን ሳዳምጠው እንደ ልብስ ስፌት መኪና እኩል ይመታል።

«አየህ?» ይሉኛል ጋሽ ደረጀ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። «አንተን ሲያይ ይድናል። ጠበል ነህ እንዴ?»

ችግሩ ጠዋት ነው። ከኅዳር ወዲህ ማለዳ ሲያስነሱት ይቆራርጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ከግቢ ሳይወጣ ይጠፋል። ካንዴላዎቹን ቀየርኩ። በሌላ ጊዜ ካርቡራተሩን ፈትቼ በቤንዚን አጠብኩ። ሁለቱንም ጊዜ «አሁን ደህና ነው» ብዬ ሸኘኋቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ በማግሥቱ ጠዋት ደወሉልኝ።

ለሦስተኛ ጊዜ የመጡት በጥር ወር፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ንጋቷ ጋቢና ተቀምጠው ነበር።

«ታደለ፣ አንተን አልወቅስም» አሉኝ ጋሽ ደረጀ። «መኪናው አርጅቷል፤ እኔም ጠዋት ጠዋት መግፋት ሰለቸኝ። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ከጫጫ ከተማ ገዢ ይመጣል።»

እትዬ ንጋቷን አየኋቸው። ግራ እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ ብረት ስላለበት ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ አይችሉም። አንኮበር ያሉት እናታቸው ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። እትዬ ንጋቷ በየእሁዱ ሄደው የሚያዩአቸው በዚህ ኮሮላ ነው።

«እናቴ እሁድ ሲሆን በር ላይ ወጥታ ነው የምትጠብቀኝ» አሉ እትዬ ንጋቷ። ለማን እንደተናገሩት አልገባኝም።

እኔ ደንበኛ ፊት ቃላት ቶሎ አይወጡልኝም። የዚያን ቀን ግን፣ «ቅዳሜ ሳይነጋ ቤታችሁ መጥቼ ልየው?» አልኩ።

ጋሽ ደረጀ ሳቁ። «ከመኪናው ጋር ኪዳን ልታደርስ ነው? እሺ ና።»

ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠባሴ ሰፈር ቤታቸው ደረስኩ። ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ጫማዬ ሥር ይንኮሻኮሻል። በሩን በቀስታ ሳንኳኳ የከፈቱልኝ እትዬ ንጋቷ ናቸው። በእጃቸው የስልክ መብራት ይዘዋል።

«ቀድመህ መጣህ» አሉኝ። ደስ ያላቸው አይመስሉም።

«ሞተሩ ሳይነካ ላየው ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ቆይ እንግዲያው። ጋሽህ ሳይነሳ ይህንን ላንሳ።»

ኮፈኑን ከፈቱት። በሞተሩ ላይ ወፍራም ጥቁር ባና ተደፍቷል፤ ዳር ዳሩ እንደ ሕፃን መኝታ በጥንቃቄ ተጠቅጥቋል።

«የበጉን ፀጉር ራሴ ነኝ የፈተልኩት» አሉ እየገፈፉት። «ይህ ብርድ ለሰውም አልሆነ፤ አሮጌ ሞተርማ እንዴት ይችለዋል? ለጋሽህ እንዳትነግረው። ለብረት ብርድ ልብስ አለበሰች ብሎ ሰፈሩን ያስቅብኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያለብሱት?»

«ብርዱ ከገባ፤ ከኅዳር።»

የባናውን የውስጥ ፊት ዳሰስኩት፤ ርሷል። የካንዴላ ገመዶቹም፣ እሳቱን ለአራቱ ካንዴላዎች የሚያከፋፍለው ክዳንም ላይ ውሃ አቁሯል። ማታ ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ይሸፈናል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ መውጫ ያጣና እንደ ድስት ክዳን ያልበዋል። እኔ ጋ እስኪደርስ ደግሞ የሞተሩ ሙቀት ሁሉንም ያደርቀዋል። ሁለት ወር የፈለግኩት ነገር ይኸው ነበር።

እንዴት እንደምናገረው ግን ጠፋኝ። መኪናው እንዳይሸጥ ከማንም በላይ የሚፈልጉት እሳቸው ናቸው።

«እትዬ፣ መብራቱን ያጥፉልኝ» አልኩ በመጨረሻ። «እዚህ ቆመው ክዳኑን ይመልከቱልኝ። እጅዎን ግን እንዳያስገቡ።»

ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ተነሳ፤ ወዲያው መቆራረጥና መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ታደለ! እሳት! ሰማያዊ እሳት እየሄደበት ነው!»

ወጥቼ አየሁት። እንደ ክር የቀጠነ ሰማያዊ ብልጭታ በእርጥቡ ክዳን ላይ ከአንዱ ገመድ ወደ ሌላው ይሮጣል።

«ወደ ካንዴላው መግባት የነበረበት እሳት ነው» አልኳቸው። «ውሃው ሌላ መንገድ ሰጥቶት ነው።»

ሞተሩን አጠፋሁ። ክዳኑን ፈትቼ ውስጡንም ውጩንም በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩ። ጎኑ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አገኘሁ። መልሼ ገጥሜ ሳስነሳው ሞተሩ እኩል መታ፤ ሰማያዊው ብልጭታም ጠፋ።

እትዬ ንጋቷ ባናውን እንደታቀፉ ቆመዋል።

«እኔ ነኝ?» አሉ።

«ክዳኑም ተሰንጥቋል። አዲስ ቢገባለት…»

«እኔ ነኝ ወይ ነው ያልኩህ፣ ልጄ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

በዚህ መሃል ጋሽ ደረጀ በድምፁ ነቅተው ጋቢ ተከናንበው ወጡ። እትዬ ንጋቷ ባናውን ወደ ጀርባቸው አዞሩት።

«ደግሞ ዳነልህ?» አሉኝ ጋሽ ደረጀ።

«ክዳኑ ተሰንጥቆ ነው፣ ጋሼ።»

«መጀመሪያ ካንዴላ ነበር፤ ከዚያ ካርቡራተር። አሁን ክዳን። ነገ ደግሞ ጎማው ነው ትለኛለህ። ተወው ልጄ፣ ሰውየው መጥቶ ይውሰደው።»

የነገርኳቸው እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ለምን ጠዋት ብቻ፣ ለምን ከኅዳር ጀምሮ የሚለውን አይመልስም። የቀረውን መናገር ደግሞ የእኔ ድርሻ አልመሰለኝም። እትዬ ንጋቷን ሳላይ ጨርቄን አጣጠፍኩ።

«ደረጀ» አሉ እትዬ ንጋቷ። ባናውን ወደ ፊት አመጡት። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ማታ ማታ አለብሰዋለሁ፤ ሳትነሳ እገፍፈዋለሁ። ውሃው ከዚህ ነው የሚመጣው።»

ጋሽ ደረጀ ባናውን ዳሰሱት፤ የረጠበ እጃቸውን አዩት።

«ይኼ ከአልጋዬ የጠፋው ባና ነው?»

«ነው።»

«ሁለት ወር ሙሉ እኔ ስንቀጠቀጥ ኮሮላው ባና ለብሶ ያድራል?»

«አንተ ታንኮራፋለህ። እሱ ዝም ብሎ ነው የሚያድረው።»

ጋሽ ደረጀ ሊስቁ ፈልገው ተዉት። ወደ እኔ ዞረው «አሳየኝ» አሉ።

ክዳኑ ላይ ጥቂት ውሃ ረጨሁበት፤ ሞተሩ መቆራረጥ ጀመረ። አጥፍቼ ጠርጌ አስነሳሁት፤ እኩል መታ። «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። ኮፈኑ ላይ ተደግፈው ብዙ አዳመጡ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለጫጫው ሰው ደወሉ።

«ለባብሼ ወጥቻለሁ» ሲል ድምፁ ለሁላችንም ተሰማን።

«ና ግዴለም፣ ቁርስ አለ። ስለ መኪናው ግን ባለቤቱን ነው የምትጠይቀው።»

«ባለቤቱ አንተ አይደለህ እንዴ?»

«አለባሿ ሌላ ናት» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ሰውየው በሦስት ሰዓት መጣ፤ በላ። ሞተሩን አስነስቶ ካዳመጠ በኋላ ሊሰጥ ካሰበው በላይ ጨምሮ እንደሚከፍል ተናገረ። ጋሽ ደረጀ በአገጫቸው ወደ እትዬ ንጋቷ አመለከቱት።

«ነገ አንኮበር ነን» አሉት እትዬ ንጋቷ፣ ሻይ እየጨመሩለት።