በስልክ ሲታዩ ደህና ናቸው

«ትንሽ ወደ በሩ አዙሪያቸው፤ ፊታቸው ጨለመብኝ» አለች ዶክተር ትርሐስ።

ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ሰማያዊ የተቀባ የጭቃ ግድግዳ፣ የአምና የቀን መቁጠሪያ፣ የአንዲት ዶሮ ጭራ በስክሪኑ ላይ ተንሳፍፈው አለፉና ሽማግሌው ተመልሰው መጡ። አባባ ኤርካሎ ጥቁር ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው፣ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው አገጫቸውን ቀና አድርገዋል። ከኋላቸው ባለቤታቸው እማማ ብርሃኔ ቆመዋል። ስልኩን የያዘችው የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሊድያ ናት፤ በወላይትኛና በአማርኛ መካከል ቃል የምታመላልሰውም እሷው ነች።

ትርሐስ ያለችው ሶዶ፣ ሆስፒታሉ ለቪዲዮ ምርመራ በለቀቀላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የዳሞታ ተራራ ጉም ወርዶ መስኮቱን ነጭ አድርጎታል። ስክሪኑ ውስጥ ግን ቆላው ሁምቦ ነው፤ ፀሐይ በበሩ ገብታ የሽማግሌውን ግማሽ ጉንጭ ይዛለች። ጠዋት ጠዋት ጉም ውስጥ ተቀምጣ የሰው ቤት ፀሐይ ስታይ፣ ከሁለቱ የትኛው እውን እንደሆነ ለአፍታ ይጠፋባታል።

«አባባ ኤርካሎ፣ እንዴት ነዎት?»

ሽማግሌው ትርጉሙን አልጠበቁም። «ሳሮ!» አሉ ጮክ ብለው፤ ሰላም ነኝ ማለታቸው ነው።

«ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«ሳሮ!»

«እግርዎ አላበጠም?»

ረዘም አድርገው መለሱ። ሊድያ ሳቋን እየያዘች፣ «ሁሉም ደህና ነው፤ ከብቱም ደህና ነው፣ በቆሎውም ደህና ነው እያሉ ነው» አለች።

«ስለ በቆሎው መች ጠየቅኳቸው?»

«ይቅርታ ዶክተር፣ በቪዲዮ የሚያወሩት ከልጃቸው ከይስሐቅ ጋር ብቻ ስለሆነ ነው። ደቡብ አፍሪካ ነው ያለው፤ ይህንንም ስልክ የላከው እሱ ነው። እሁድ እሁድ ከቸርች መልስ ኮታቸውን ለብሰው ልክ እንዲህ ይቀመጣሉ። ‹ሳሮ፣ ሳሮ› ይሉትና ይዘጋሉ።»

«ታዲያ አንቺ ምን አይተሽ ደወልሽልኝ?»

«ትናንት በዚህ ሳልፍ አጥሩን ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ሰላም ብላቸው መመለስ አቃታቸው፤ በእጃቸው ብቻ ‹እለፊ› አሉኝ።»

ትርሐስ ሽማግሌውን እንደገና አየቻቸው። ደህና ናቸው ካለች ኪኒን አዝዛ ለወር ትቀጥራቸዋለች። ልባቸው ደክሞ ሳንባቸው ውኃ መያዝ ከጀመረ ግን ወሩን አይደርሱም። በስክሪን በኩል ደግሞ የልብ ማዳመጫ ደረት ላይ አይደረግም።

«ሊድያ፣ ስልኩን መስኮቱ ላይ አቁሚው፤ አትዝጊው። ዶክተሯ ዝም ብላ ልታያችሁ ነው፣ እናንተ ሥራችሁን ቀጥሉ በያቸው።»

ሲተረጎምላቸው አባባ ኤርካሎ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «እንግዳ ሆና ከመጣችማ ምን እናቅርብላት?»

«በቆሎ ልጥበስላትና በስልኩ ቀዳዳ ታሳልፍላታለህ» አሉ እማማ ብርሃኔ፤ ሊድያ እየሳቀች ሁለቱንም ተረጎመች።

ትርሐስ በጉሙ ውስጥ ሆና የሩቁን ቤት ትመለከት ጀመር። በበሩ በኩል የሽፈራው ዛፍ ጥላ ወለሉ ላይ ይወዛወዛል። እማማ ብርሃኔ እህል ይለቅማሉ፤ ሰፌዱ ከፍ ዝቅ ሲል ጭረቱ በቀስታ ይሰማል። ዶሮዋ ገባች፣ ወጣች፣ ተመልሳ ገባች። ጊዜው የሚሄድ አይመስልም፤ ትርሐስም ሐኪም መሆኗን ረስታ እዚያው በርጩማ ላይ የተቀመጠች መሰላት።

ሽማግሌውም እሷን ረሷት። መጀመሪያ ትከሻቸው ወረደ። ቀጥሎ የኮታቸውን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ፈቱ። ዶሮዋን ሊያባርሩ ተነሡና በሩ ጋ ሳይደርሱ ምሰሶውን ያዙ፤ አፋቸውን ከፍተው አየሩን እንደ ውኃ ተጎነጩት። እማማ ብርሃኔ ሰፌዳቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ደግፈው አስቀመጧቸው፣ ከጀርባቸው ትራስ በትራስ ላይ ደረደሩ፣ ጫማቸውን አወለቁላቸው። የካልሲው አፍ ያበጠው እግር ላይ እንደ ገመድ ቦይ ሠርቷል። የሴትየዋ እጅ አልተደናገጠም፤ የለመደው ሥራ ነው።

«እማማ፣ ሌሊትም የሚያድሩት እንዲህ ነው? ተቀምጠው?» አለች ትርሐስ ከስልኩ ውስጥ።

እማማ ብርሃኔ በድምፁ ደነገጡ። ከዚያ በገበያ አማርኛቸው ራሳቸው መለሱ። «አይተኛም። ቁጭ ብሎ ነው የሚያድር።»

ሽማግሌው ተቆጥተው አንድ ነገር ተናገሩ። እማማም አልቀሩም፤ «ለልጅህ ዋሸሁልህ፤ ለሐኪምም ልዋሽልህ?» አሏቸው።

ትርሐስ ዛሬውኑ ከተበላ ከተማ አምቡላንስ እንደሚመጣላቸው፣ ሶዶ እንደሚተኙ ነገረቻቸው። አባባ ኤርካሎ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አምቡላንስ ደጄ ቆሞ? ጎረቤቱ ሁሉ ስልክ አለው፤ እኔ ሶዶ ሳልደርስ ፎቶዬ ይስሐቅ ዘንድ ይደርሳል። ልጁ የመኖሪያ ወረቀት የለውም። አባትህ ታመመ ካሉት ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ መመለሻ የለውም። በሚቀጥለው ሳምንት በሚኒባስ ራሴ እመጣለሁ።»

«አባባ፣ እስከዚያ ላይቆዩ ይችላሉ።»

«እሱ የእግዚአብሔር ነው።»

ሊድያ ለመነቻቸው፤ እማማ ለመኑ። ሽማግሌው የኮታቸውን ቁልፎች መልሰው ይቆልፉ ጀመር።

ሆስፒታል ውስጥ የትርሐስ ባል መሞቱን የማያውቅ የለም። ከዚያ አልፎ ለጠየቃት ሰው ግን ስለ ሥራ አውርታ ትሸኘዋለች። አሁን ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

«ሊድያ፣ የምለውን እንዳለ ንገሪልኝ። ባለቤቴ ሲታመም እኔ ለትምህርት ሩቅ ነበርኩ። ማታ ማታ በቪዲዮ እንተያይ ነበር። ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሸሚዙን ቀይሮ ‹ደህና ነኝ› ይለኛል። ትምህርቴን እንዳላቋርጥ ብሎ ነው፤ ለእኔ ብሎ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያቺን ቃል እስካሁን ይቅር አላልኩለትም።»

ሊድያ መተርጎም ጀመረች። ትርሐስ የራሷን ሐዘን በደንብ በማታውቀው ቋንቋ ሲነገር አዳመጠች። በዚያ ለስላሳ ድምፅ ውስጥ የሌላ ሴት ታሪክ ይመስል ነበር፤ መካከል ላይ «ሳሮ» የሚለውን ቃል ለየች።

አባባ ኤርካሎ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ እንዳኖሩ ቀሩ።

«ስሙ ማን ነበር?» አሉ በአማርኛ።

«ፀጋአብ።»

«ፀጋአብ» አሉ እሳቸውም። መስኮቱ ድረስ እንዲያደርሷቸው ለሚስታቸው እጃቸውን ሰጡ። ፊታቸው ስክሪኑን ሞላ፤ ከንፈራቸው ሰማያዊ ነበር።

«በይ ልጄ፣ አምቡላንሱን ጥሪ፤ ደጄም ይቁም» አሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «እኔ ልዘጋብሽ ነው። ሌላ ሰው ሳይነግረው ለይስሐቅ ልደውልለት።»

አውራ ጣታቸው ወደ ስልኩ መስታወት መጣ፤ አደገ፣ አደገና ቤቱንም በሩንም ፀሐይዋንም ሸፈነ።