ሬሳ የጫነ መኪና አይከፍልም

ቱሊኪ በፊንላንድ፣ በቱርኩ ከተማ ወደብ አጠገብ ባለችው ትንሽ የጀልባ ድርጅት አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ወደ ደሴቶቹ የሚሻገር ሁሉ ትኬት የሚቆርጥበትን ፕሮግራም ፒኤችፒ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ብቻዋን የጻፈችው እሷ ናት። ያመሰገናት የለም፤ የነካባትም የለም።

በመጋቢት ኦትሶ የሚባል የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ተቀጠረ። ሳምንት ሳይሞላው አለቃቸው ማርኬታ፣ "ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ልንጽፈው ነው። በየትኛው ቋንቋ ይሁን?" አለች። ስትጠይቅ ፊቷ ወደ ኦትሶ ነበር።

"በፓይተን" አለ ሳያመነታ። "ቶሎ ይጻፋል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣም ሰው አንብቦ ይረዳዋል።"

የቱሊኪ ደም ፈላ። ሁለት ክረምት ሙሉ ቤቷ ተቀምጣ ፓይተን ያጠናችው ይህንኑ ለማርኬታ ለመናገር ነበር። ቀን ስትመርጥ ልጁ ከአፏ ነጠቃት።

"የሚያዋጣን ጃቫ ነው" አለች፣ የማታምንበትን። "ፓይተን ቀርፋፋ ነው። በሐምሌ የእረፍት ወቅት ሰው ሁሉ በአንዴ ትኬት ሲቆርጥ ተኝቶ ያስተኛናል።"

"ያለን እኮ ሰባት ጀልባ ነው፣ ቱሊኪ!" ብሎ ኦትሶ ሳቀ። ማርኬታም ሳቀች። ያ ሳቅ ከቱሊኪ ጆሮ አልወጣ አለ።

ሁለቱም የዋጋውን ክፍል በየመረጡት ቋንቋ ጽፈው በሦስት ሳምንት እንዲያሳዩ ተወሰነ። በነዚያ ሳምንታት የቱሊኪ ሥራ ኦትሶን መከታተል ሆነ፦ ማን አጠገቡ ተቀመጠ፣ እንደ አገሩ ልማድ ሐሙስ ሐሙስ የአተር ሾርባ ሲበላ ማን ቀልዱን ሰማ፣ ማርኬታ ስንቴ በስሙ ጠራችው።

አንድ ጠዋት ኦትሶ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ መጣ። "የድሮው ኮድሽ ውስጥ 'ጥቁር መኪና' የሚል አለ፤ ዋጋው ዜሮ ነው። ምንድን ነው?"

የሬሳ መኪና መሆኑን ቱሊኪ ታውቃለች። ወደ ደሴቶቹ በነጻ ይሻገራል፤ የትም ያልተጻፈ የቆየ ልማድ ነው።

"የድሮ ነገር ነው፣ ሰርዘው" አለች ቀና ሳትል።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"የጻፍኩት እኔ አይደለሁም?"

"ተባረኪ! ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?"

ምስጋናው ከስድብ በላይ ለበለባት። ያለችውን ግን አላረመችም።

በማሳያው ቀን ከጀልባዎቹ የአንዱ ካፒቴን፣ ሽማግሌው ሩኔ፣ ፊት ለፊት ተቀመጡ። የኦትሶ ሥራ ያምር ነበር። "እስቲ ልጄ፣ የሬሳ መኪና አስገባ" አሉት ካፒቴኑ። ፕሮግራሙ ሠላሳ ሁለት ዩሮ ጠየቀ።

የሽማግሌው ፊት ቀላ። "ባለፈው መስከረም ሚስቴን ያሻገርኳት በዚህ ጀልባ ነው። አንተ ብትኖር ልታስከፍለኝ ነበር?"

ኦትሶ ነጣ። አንዴ ቱሊኪን አያት። ሊያጋልጣት ነው ብላ ስትጠብቅ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ካፒቴን። ይቅርታ" አለ።

ቢያጋልጣት ይቀላት ነበር።

"የሱ አይደለም" አለች። "የሬሳ መኪናውን እያወቅሁ ያሰረዝኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን?" አለች ማርኬታ።

"ሁላችሁም እሱን ብቻ ስታዩ አልቻልኩም።"

ካፒቴኑ ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ።

ፓይተን ተመረጠ። ቱሊኪ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ ከኦትሶ ጋር እንድትጽፍም ታዘዘች። ለሁለት ሳምንት ኦትሶ ከሥራ ጉዳይ ውጪ አላናገራትም። አንድ ቀን ግን የጻፈችውን አንብቦ ወደ እሷ ዞረ።

"ይህን የት ተማርሽ? ከኔ ይበልጣል። ታዲያ ለምን ጃቫ አልሽ?"

"ቀድመኸኝ ስለተናገርክ።"

ራሱን ነቀነቀ፤ ሳቅ ግን አመለጠው። በዚያው ማርኬታ ከኋላው ቆማ ስክሪኑ ላይ ያለውን የቱሊኪን ሥራ አየችና፣ "ጎበዝ፣ ኦትሶ!" አለች።

ቱሊኪ ከወንበሯ ተነሳች።

"ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለች፣ ጮክ ብላ።