ሰውዬው ከሄደ በኋላ

መለሰ ወገራ ውስጥ በአንዲት የቤተ እስራኤል መንደር ዕብራይስጥ ያስተምር ነበር። በደርግ ጊዜ ይህ ያሳስር ስለነበር በር ዘግቶ ነበር የሚያስተምረው። አንድ ቀን ካድሬዎች ደረሱበትና ጠመኔውን እንደያዘ ወሰዱት። ወህኒ ቤት ውስጥ እግሩን ገረፉት። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ከሊቀመንበሩ ፎቶግራፍ ፊት ተሰልፎ፣ ግራ እጁን ጨብጦ ለመሪው መፈክር ማሰማት ነበረበት። ከእስር ሲፈታ ድምፁ አብሮት አልወጣም። ሰው በተሰበሰበበት አፉን ሲከፍት ጉሮሮው ይዘጋበታል።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሊቀመንበሩ አገር ጥሎ መሸሹ በሬዲዮ ተነገረ። አዲስ አበባ ሲጠባበቅ የነበረው መለሰም በዚያው ሳምንት በአውሮፕላን እስራኤል ገባ።

አሽቀሎን ከተማ፣ ሺምሾን ሰፈር፣ ከኢትዮጵያ የመጡት ሽማግሌዎች ዕብራይስጥ የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ ኡልፓን፣ ተከፈተ። መምህሯ ኢሪት ደግ ሴት ናት፤ ግን አማርኛ አታውቅም። እሷ ታስረዳለች፣ እነሱ በአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ማንም ምንም ሳይገባው ይበተናል። የመውለጃዋ ወር ሲደርስ ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚመጣውን መለሰን ጠራችው።

«ምትክ እስኪመጣ ክፍሉን ያዝልኝ። ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።»

«አልችልም» አላትና ወጣ።

አባባ ቸሬ ተከትለውት ወጡ። የመንደሩ ሰው ናቸው፤ አስተማሪነቱን ያውቃሉ።

«ለምን እንቢ አልካት?»

«ያ ሰውዬ ምላሴን ወስዶብኛል፣ አባባ።»

«እሱን እንኳ አትሳደብ። አባቴ የሰው መሬት እያረሰ፣ ሲሶ እየከፈለ ሞተ። ለኔ መሬት የሰጠኝ እሱ ነው።»

መለሰ ደሙ ፈላ። «እግሬን ያስገረፈውስ ማን ነው? ልጅዎን ናቅፋ ላይ ያስቀረውስ?»

አባባ ቸሬ ጋቢያቸውን ሰብስበው በሩ አጠገብ ያለው ግንብ ላይ ተቀመጡ።

«ያም እሱ ነው» አሉ። «መሬቱንም አልክድም፣ ልጄንም አልረሳም። ሁለቱንም ይዤ እኖራለሁ። አንተ ግን፣ ልጄ፣ ሰውዬው ሐራሬ ገብቶ ተቀምጦ ሳለ እስከዛሬ ከፎቶው ፊት ቆመሃል። ማን አስገድዶህ?»

መለሰ በማግስቱ ጠዋት ኡልፓን ገብቶ በኢሪት ፈንታ ከሰሌዳው ፊት ቆመ። ጠመኔውን ሲያነሳ ጉሮሮው ተዘጋ። ሽማግሌዎቹ ዐይን ዐይኑን ያዩታል። ከኋላ ወንበር አባባ ቸሬ ብድግ ብለው፣ «ሻሎም፣ ሞሬ!» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ተነስቶ «ሻሎም፣ ሞሬ!» አለ። ሞሬ መምህር ማለት ነው። ስንት ዓመት በዚህ ስም የጠራው ሰው አልነበረም።

«ሻሎም» አለ መለሰ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ግን ወጣ።

መጽሐፉን ዘግቶ ጠየቃቸው። «ዛሬ መጽሐፉ ይቅር። በዕብራይስጥ ምን መናገር ትፈልጋላችሁ?»

አባባ ቸሬ ቀደሙ። «መሬት ሰጠ፣ ልጅ ወሰደ። ይህን ንገረኝ።»

መለሰ ሰሌዳው ላይ በአማርኛ ፊደል ጻፈላቸው፦ ናታን አዳማ፣ ላካኽ ቤን። ሽማግሌው ቃል በቃል ደገሙት። 

ከዚያ እማማ ደጅይጥኑ ተነሱ። «እኔ ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል ማለት ነው የምፈልገው። ሐኪም ቤት የልጅ ልጄ እየተረጎመችልኝ ሰለቸኝ።»

«ኮኤቬት ሊ ሃቤሬኽ» አላቸው። ክፍሉ ሁሉ ጉልበቱን እየያዘ እየሳቀ አብሮ ደገመው።

በሳምንቱ እማማ ደጅይጥኑ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘግይተው ገቡ።

«ብቻዬን ሄድኩ! ገና ስናገር ሐኪሟ ደንግጣ ከወንበሯ ተነሳች። ዕብራይስጥ ከየት ተማርሽ ብትለኝ፣ ሞሬ አለኝ አልኳት!»

እልልታው መንገድ ድረስ ተሰማ። ከሌላው ሰፈር፣ ከራማት ኤሽኮል ሳይቀር ሰው እየመጣ ይመዘገብ ጀመር፤ ወንበር አልበቃ ብሎ ከጎረቤት ተዋሱ። ኢሪት ልጇን ታቅፋ ልትጠይቃቸው ስትመጣ፣ ከደረጃው ሥር ቆማ ሽማግሌዎቹ እየተሻሙ ሲመልሱ ሰማች። በቀጥታ ወደ ኡልፓኑ ኃላፊ ሄደች።

«ምትክ አትፈልግ» አለችው። «የኔ ክፍል ሌላ ይሁን። ይህ የመለሰ ነው።»

ከመስከረሙ የአይሁድ በዓላት በኋላ መለሰ ቋሚ መምህር ሆነ። ሲያስተምር ድምፁ በክፍት መስኮት አልፎ አውቶቡስ ከሚጠብቁት ዘንድ ይደርሳል፤ በሩንም አይዘጋም።