ይቅርታ የማይባልበት በር

ዝግ ነው እንዴ፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን ምን ቀረው፣ የእማማ ኢሶቤ መስኮት ዝግ፣ እሳቸው እኮ የእንጨት መዝጊያውን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አሳልፈው ከፍተው አያውቁም፣ ሰፈሩ የሚነቃው በዚያ ጓጓታ ነው፣ ዛሬ ግን ጭጭ፣ እኔ ደግሞ የሰፈሩን ማስታወቂያ ሰሌዳ ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቼ፣ አጥራቸው ሥር ቆሜ አለከልካለሁ። ጥራ እንጂ። ምን ይገትርሃል።

ተኝተው ቢሆንስ፣ ከሆስፒታል ከወጡ ገና አራት ቀናቸው ነው፣ ብቀሰቅሳቸውስ፣ ሰው ማስቸገር እኮ... ተው። ባለፈውም ያልከው ይህንኑ ነው።

ባለፈው። እዚሁ በር ላይ፣ የመስኮቱ መዝጊያ ግማሽ ድረስ ተከፍቶ፣ ይቅርታ አልኩ፣ እኛ ጋ የሰው ደጅ ቆሞ የሚባለው ይቅርታ ነው፣ እኔ ስለው ደግሞ ለራሴም አይሰማኝ፣ መልስ ጠፋ፣ ሰሌዳውን ኮሽ ሳላደርግ በሩ ላይ አስደግፌ በእግር ጣቴ ሄድኩ፣ በጨዋነቴ ራሴ ደስ ብሎኝ፣ ለካ እማማ ከበሩ ወዲያ ዳሌያቸው ተሰብሮ ወለሉ ላይ ወድቀዋል፣ ይቅርታዬን ሰምተዋል፣ ስሄድም ሰምተዋል፣ ሰምተው ዝም አሉ። ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ ነገሩኝ። እንዳላስቸግርህ ብዬ ነዋ፣ ገና ስድስት ቤት ይቀርሃል ብዬ።

አራት ሰዓት ሙሉ ወለሉ ላይ። ሰው ሁሉ ባለጌ የሚለው ዓሣ ሻጭ፣ ሳያንኳኳ ዘው የሚለው፣ እሱ ነው ገብቶ ያገኛቸው።

እንዴት ቻሉት እማማ፣ አልኳቸው፣ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ። የሰፈሩን ሰው ስም እየጠራሁ፣ አሉኝ፣ ከታች ከሃንዳ ጀምሬ ደረጃ በደረጃ እስከ ላይ፣ ሲያልቅብኝ እንደገና፣ ራሴን እንዳልስት፣ አንተንም ጠርቼሃለሁ። እኔን? ሦስት ዓመት ከክፍሌ ያልወጣሁትን? ያኔም አንተ የዚህ ሰፈር ልጅ ነበርክ፣ መጋረጃህ አይታየኝም እንዴ፣ አሉኝና ውሃ አቀብለኝ አሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ የኔን ስም ይጠራሉ። ምን ዓይነት ሰው ናቸው፣ እኔ ጥርሴን ሲያመኝ የናቴን ስም እረሳለሁ።

ጋሽ ሃንዳም ያው ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ፀጉር አስተካካይ፣ ከሥራ ተባርሬ ክፍሌን በላዬ ላይ ከቆለፍኩ በሦስተኛው ዓመት መቀሳቸውን ይዘው ከች አሉ፣ እናቴ ለምናቸው፣ አይዞህ አላሉኝ፣ ሥራ ፈልግ አላሉኝ፣ ቆርጠው ቆርጠው ሲጨርሱ፣ ጉልበቴ እምቢ ብሎኛልና ይሄን የሰፈር ማስታወቂያ ሰሌዳ ቤት ለቤት አንተ አዙርልኝ አሉ። ገልጬ አየሁት፣ ቆሻሻ የሚወጣበት ቀን፣ ውሃ የሚጠፋበት ሰዓት፣ ማን ያነበዋል አልኩ። ማንም አያነበውም፣ አሉ ፀጉሬን ከአንገቴ እያራገፉ፣ እጅ በእጅ ስጥ፣ ፊታቸውን እይ፣ ማየታቸው እንዲታወቅ የየቤታቸውን ማኅተም አስመታ፣ ወረቀቱ ሰበብ ነው።

ፊት። የመጀመሪያውን ወር አቀርቅሬ ያየሁት ነጠላ ጫማ ብቻ ነበር፣ አሁን ግን ማን እንዳነከሰ፣ ማን ራቱን እንደዘለለ፣ የትኞቹ ባልና ሚስት እንደተኳረፉ በሩ ሲከፈት አውቃለሁ፣ ብዘገይ ደግሞ ምን ነካው ይላሉ፣ እኔን፣ እኔን እኮ ነው የሚጠብቁት፣ ጠዋት ጫማዬን አስሬ መውጣት መፍራቴን የተውኩበትን ቀን እንኳ አላስታውስም።

እና አሁን ዝም ልትል ነው? ቃል ገብተህ? እማማ ሁለተኛ በኔ በር ይቅርታ እንዳትል ብለውህ፣ እንደዚያ ዓሣ ሻጭ ባለጌ ሁን፣ የሁለታችን ጨዋነት ሊገድለኝ ነበር ብለው ዳሌያቸውን ይዘው ስቀው?

እማማ ኢሶቤ።

ሲያሳፍር፣ ይሄ ድምፅ ነው? እንደገና፣ ከሆድህ፣ እማማ ኢሶቤ፣ አሉ ወይ፣ ማዶ መስኮት ተከፈተ፣ ውሻ ጮኸ፣ ይጩኸው፣ እማማ ኢሶቤ፣ ጉሮሮዬ ተላጠ፣ ከታች ጋሽ ሃንዳ ሳይቀሩ ሰምተዋል፣ ምንም፣ አጥሩን ዘልያለሁ፣ መቼ ዘለልኩ፣ መዝጊያውን በጡጫዬ እደበድባለሁ፣ አምላኬ፣ ዛሬስ አይሁን።

ማነው?

ከውስጥ ነው። ቀጭን፣ ግን የሳቸው። አፌ ይቅርታ ሊል ሲከፈት መለስኩት። እኔ ነኝ። ቶሺያ ነኝ።

አንተ ነህ እንዴ፣ ይሄ መዝጊያ በዝናቡ አብጦ አልንቀሳቀስ ብሎኝ ከንጋት ጀምሮ ስታገለው ደክሞኝ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ከንጋት ጀምሮ? በዚያ ዳሌ? ታዲያ ለምን ሰው አይጣሩም እማማ?

በመዝጊያው ስንጥቅ ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ እያሰቡ ነው፣ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ያው የሁለታችን በሽታ ነው፣ ልጁ መንገድ ላይ ነው፣ ሥራ አለው፣ ላስቸግረው አይገባም።

ከዚያ ጮኹ፣ እዚህ አጠገባቸው ቆሜ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ ቶሺያ፣ ና እርዳኝ።

ሰሌዳውን መሬት ላይ ወረወርኩት። መጣሁ እማማ። መጣሁ።