ተራ አባል

ጋሽ ፊሽካ ጡረታ የወጣ ሰሞን ባለቤቱ ደስ ብሏት ለሳሎኑ አዲስ መጋረጃ ሰቀለች። ሰውየው ዕድሜውን በሙሉ የወጣቶች ማኅበር ውስጥ ነው ያሳለፈው፤ መጀመሪያ በበጎ ፈቃድ፣ ቀጥሎ በደመወዝ፣ ደመወዙ ሲዘገይ ደግሞ እንደገና በበጎ ፈቃድ። ድንኳን ተክሏል፣ ኳስ ነፍቷል፣ የተጣሉ አስታርቋል፣ አንድም ወጣት ባልተገኘባቸው ስብሰባዎች ላይ ስለ ወጣቶች ተሳትፎ ንግግር አድርጓል። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከአንገቱ ከማይወርደው ፊሽካ ነው። የሰፈሩ ልጆች ከነወላጆቻቸው ያውቁታል። በገዛ ቤቱ ግን ብዙም አይታወቅም ነበር። ፋርማሲስቷ ሚስቱ ስለ እሱ ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ "ባሌ እንደ መድኃኒት ነው፣ በቀን አንዴ፣ ከምግብ በኋላ" ትላለች።

በሽኝቱ ዕለት ማኅበሩ ሰርተፊኬት ሰጠው። መጋዘን ውስጥ የተገኘው የወጣቶቹ ብቻ ስለነበር "ለነገ አገር ተረካቢ" የሚል ነው። ሰውየው ቅር አላለውም፤ ሳሎን ሰቀለው።

ለጥቂት ቀን ተኛ፣ ጋዜጣ አነበበ፣ በመስኮት ወጪ ወራጁን አየ። ከዚያ አንድ ጠዋት ፊሽካውን ነፋና ቤተሰቡን ስብሰባ ጠራ። ቤተሰቡ ማለት ሚስቱ፣ አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱና ለብቻዋ ቤት ተከራይታ የምትኖረው የጥርስ ሐኪሟ ልጁ ናቸው። አዲሱ መጋረጃ ላይ ትልቅ ነጭ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ አያይዞ "የቤተሰባችን ራዕይ" ብሎ ጻፈበት። ሚስቱ ራዕዩን ትታ የተበሳውን መጋረጃ አየች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ። ዕቃ አጣቢ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። መታጠቢያ ቤት የሚገቡበት ተራ ወጣ። ምሳ ከተበላ በኋላ ሁልጊዜ ግምገማ አለ።

"እስቲ እማማ፣ ከርስዎ እንጀምር" ይላል አማቱን። "ጠንካራና ደካማ ጎንዎን ይንገሩን።"

"ደካማው ግራ ጎኔ ነው ልጄ" አሉ አሮጊቷ። "ሲበርድ ያመኛል።"

ሚስቱ ቻለችው፣ ቻለችውና አንድ ቀን በስብሰባ መሀል እጇን አወጣች። "ሥነ ሥርዓት! ምርጫ የሚካሄደው መቼ ነው?"

ጋሽ ፊሽካ ፊቱ በራ። ሥልጣን በምርጫ መያዝ እንዳለበት ዕድሜ ልኩን ያስተማረ ሰው ነው፤ እሱ ራሱ ማኅበሩ ውስጥ ተወዳዳሪ ገጥሞት ባያውቅም። "ዛሬ ማድረግ እንችላለን" አለ።

"እንግዲያው ሊቀመንበሩ ይውረድ የምትሉ እጅ አውጡ" አለች ሚስቱ።

ሚስቱ አወጣች፣ ልጁ አወጣች፣ አማቱ ሁለት እጃቸውን አወጡ።

"እማማ፣ የሚቆጠረው አንድ እጅ ነው።"

"አንዱ የኔ ነው፣ አንዱ የጎረቤታችን። ፊሽካህ በነጋ በጠባ የሚቀሰቅሳት እሷን ነው።"

ሚስቱ በሙሉ ድምፅ ተመረጠች። እንደ ተመረጠች ፊሽካውን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበትና ኮሚቴዎቹን በሙሉ በተነች። ጋሽ ፊሽካ ግራ ገባው። ማኅበሩ ሲመሠረት ጀምሮ ጸሐፊ ወይም አስተባባሪ ሆኖ ነው የኖረው፤ ከዚያ በታች ወርዶ አያውቅም።

"ተራ አባል ምንድነው የሚሠራው?" አላት።

"ሽንኩርት ይልጣል።"

እየላጠ ዓይኑ እንባ ሞላ። ሽንኩርቱ ነው አለ፤ ማንም አልተከራከረውም።

እንዲህ እያለ ሲኖር አዲሱ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ደወለ። የክረምቱ ካምፕ ሊደርስ ነው፤ ድንኳኖቹን መትከል የሚችል ሰው ጠፍቷል። "ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ቢያማክሩን? በበጎ ፈቃድ ነው እንግዲህ" አለው። ጋሽ ፊሽካ ሊዘል ምንም አልቀረውም፤ ግን ድምፁን ጎርነን አድርጎ "አባላቱን ላማክር" አለ።

ልጁ ከሥራ ብቅ ባለችበት ምሳ ላይ ጉዳዩን አቀረበ። ሚስቱ ገና ሳይጨርስ "ሂድ" አለችው። ፍጥነቷ ቅስሙን ሰበረው።

"እኔ እቃወማለሁ" አለች ልጁ።

"አንቺ? ለምን?"

"እኔም የማርፈው ቅዳሜ ብቻ ነው።"

"ታዲያ ልጅ ሆነሽ ካምፕ ድረስ አብረሽኝ ትሄጂ አልነበር?"

"እዚያማ አባዬ ማለት ክልክል ነበር፤ 'አስተባባሪ በይኝ' ነበር የምትለኝ። ምግብ ሲታደል ለልጁ አዳላ እንዳይባል ከሁሉ ኋላ ታሰልፈኛለህ። አንድ ቀን ሾርባው እኔ ጋ ሲደርስ አለቀ። አንተ ደግሞ 'እኩልነት ማለት ይህ ነው' ብለህ ልጆቹን አስጨበጨብክልኝ።"

ጋሽ ፊሽካ ማንኪያውን አስቀመጠ። "አላስታውሰውም" አለ ቀስ ብሎ።

"አንተ ለምን ታስታውሳለህ፤ አንተማ በልተሃል።"

ሚስቱ ድምፅ ልትቆጥር ብላ ተወችው። አማቱ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሰውየው ተነሥቶ ወደ ስልኩ ሄደ።

"ቅዳሜ አይመቸኝም፤ ማክሰኞ እመጣለሁ" አለው ሥራ አስኪያጁን።

"ማክሰኞ እኮ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ጋሼ።"

"ድንኳኖቹ አይማሩም" አለና ዘጋው።

ማክሰኞ ሄዶ ከረባት ያሰሩትን የማኅበሩን ሠራተኞች የድንኳን ካስማ ሲያስመታቸው ዋለ።

ቅዳሜ ልጁ መጣች። ሚስቱ እናቷን ይዛ ዘመድ ጥየቃ ወጣች፤ የትኛውን ዘመድ እንደሆነ አልተናገረችም። አባትና ልጅ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሷ በሥራዋ የለመደችው አፉን ከፍቶ መልስ መስጠት ከማይችል ሰው ጋር ማውራት ነው፤ እሱም የለመደው ሜዳ ሙሉ ልጅ ማናገር ነው። ዝምታው ሲበዛበት፣ የሚያናግረው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ዘንግቶ፣

"በሉ እንግዲህ እንተዋወቅ" አለ። "ስማችሁን፣ የምትወዱትን ነገር..." ብሎ ሳይጨርስ አፈረ።

ልጁ ግን ቦርሳዋን አስቀምጣ ቀና ብላ ተቀመጠች። "ስሜን አንተው ነህ ያወጣኸው። የምወደው ዋና ነው።"

"ዋና? ዋና ትችያለሽ እንዴ?"

"ከልጅነቴ ጀምሮ።"

"ማን አስተማረሽ?"

"ወንዝ ማዶ ያለው ማኅበር። እናቴ ናት ያስመዘገበችኝ። አስተባባሪያቸው ጎበዝ ሰው ነበር፣ ቀን ከሌሊት ከኛ ጋር ነው። የራሱ ልጆች የት እንደሚውሉ ግን እንጃ።"

ጋሽ ፊሽካ ሰውየውን ያውቀዋል፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ያሉት።

"እኛ ጋ ነበሩ" አለ። "ትልቁ ግብ ጠባቂያችን ነበር።"

 ልጁ ሳቋ አመለጣት፤ እሱም ተከተላት። ሚስቱ ስትመለስ ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ፣ ክንዷን እያወራጨች ስለ ጀርባ ዋና ታስረዳዋለች። ጋሽ ፊሽካ ጉንጩን ደግፎ ያዳምጣል፤ አንድም ጊዜ አላቋረጣትም።