ያልተነፋው ፊሽካ

ወይዘሮ አልጣሽ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ወሬው ሁሉ ተቋረጠ። ንፍሮ የምታዞረው ሴት እንኳ ሰፌዱን እንደያዘች ቆመች።

ሠልስት ነው። ዝናሽ ባሏን ደግሰውን ከቀበረች ወዲህ ሰው ሲመጣና ሲሄድ ደክሟታል። ለቅሶው አይደለም ያደከማት፤ "እግዜር ያጽናሽ" ላላት ሁሉ አንገቷን መነቅነቁ፣ ከወዲያ ጥግ የሚንሾካሾኩትን ሰምታ እንዳልሰማች መሆኑ ነው። "በኳስ ሰብስቦ ለወታደር ያስረከበ" ይሉታል። ዛሬ የተጀመረ ወሬ አይደለም፤ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ያን ቀን ከተወሰዱት ልጆች አንዱ እንግዳው የሚባለው የወይዘሮ አልጣሽ ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኚህ ሴት ይህን ግቢ ረግጠው አያውቁም።

"እማማ፣ ይግቡ እንጂ" አለች ዝናሽ፣ ልትነሳ እየሞከረች።

"አትነሺ። ልቀመጥ አልመጣሁም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው።" ድምፃቸው ቁጣ እንኳ አልነበረውም። "ያውቅ ነበር?"

ደግሰው መጀመሪያ የስፖርት አስተማሪ ነበር። የአውራጃው ስፖርት ኃላፊ ያደረገው ደርግ ነው። ካኪ አለበሱት። ሥራው ሩጫና ኳስ መስሎት ገባ፤ እያደር ግን ለአብዮት በዓል ተማሪ ማሰለፍ፣ ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር ሕዝብ ማስጨብጨብ ሆነ። ዝናሽ "ተወው በቃ" ስትለው "እኔ ብተወው የሚተኩት ኳስ የማይወድ ሰው ነው" ይላት ነበር።

ልጆቹ በተወሰዱበት ዓመት የሰቆጣንና የጋዝጊብላን ወጣቶች ለዋንጫ ሊያጋጥም ስንት ወር ለፋ። በዋዜማው አንድ የፓርቲ ሰው አስጠራው። ማታ ቤት ሲገባ እህል አልቀመሰም።

"ዋንጫው እንደተሰጠ ሜዳውን ይከቡታል" አላት። "ወጣቱን ለውትድርና ሊጭኑት ነው።"

"ሰርዘዋ!"

"ብሰርዘው ቤት ለቤት ይገባሉ። ባወራ ደግሞ እስከ ነገ አታገኚኝም።" ከዚያ "ዳኛ አልፈልግም፤ ራሴ አጫውታለሁ" አለ።

ዝናሽ አሁን ቀና ብላ የአሮጊቷን ዓይን አየች። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ዝም በይ ብሏታል። መዋሸቱም ዝም ማለቱም እኩል ከበዳት።

"ያውቅ ነበር" አለች። "ከዋዜማው ጀምሮ።"

አንዲት ሴት በስመ አብ ብላ አማተበች። ወይዘሮ አልጣሽ ከዘራቸውን ጨብጠው ሊመለሱ ዞሩ። ይሄኔ ከወንዶቹ መካከል ሰላሕ ተነሳ። ገበያው ዳር ሱቅ አለው፤ በልጅነቱ የሰቆጣ አጥቂ ነበር።

"እማማ፣ ግማሹን ብቻ ሰምተው አይሂዱ። እኔ እዚያ ነበርኩ። የጨዋታው ሰዓት አልቋል፤ ጋሽ ደግሰው ግን ፊሽካውን አልነፋም። ወታደሮቹ ዋንጫው እስኪሰጥ ግራሩ ሥር ይጠብቃሉ። እኛ ደክሞን ስንቆም 'ቀጥሉ' ይለናል። ፀሐይ ጠለቀች፤ ኳሷን ማየት አቃተን። ያኔ አጠገቤ መጣና 'ወደ ወንዙ ምታትና ሂድ ፈልጋት። እንዳትመለስ' አለኝ። መታኋት። ለሌሎቹም እየዞረ በጆሯቸው ነገራቸው። ኳስ ፈላጊ እየመሰልን ተከታትለን ወረድን።"

"ልጄስ?"

"እንግዳው ከኔ ጋር ወንዙን ተሻግሮ ነበር። ማዶ ወጥተን ስናዳምጥ ጋሽ ደግሰውን በሰደፍ ሲመቱት፣ ሲጮህ ይሰማል። 'ብቻውን ልንተወው ነው?' አለኝ። ያዝኩት። እጄን ፈልቅቆ ተመለሰ። ከተመልካቾቹ ጋር አብረው ጫኑት።"

"ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከኝም?"

"ጋሽ ደግሰው ከለከለኝ። 'ልጅዎ ያመለጠ ሰው ነበር፤ ለእኔ ሲል ተይዞ ቀረ ብለህ ልትነግራቸው ነው? ተዋቸው፣ እኔን ይጥሉኝ' አለኝ።"

ዝናሽም ይህን አልሰማችም ነበር። ደግሰው ለዚያ ምሽት ታስሮ ከርሞ ሲፈታ እዚያው ወንበሩ ላይ መለሱት፤ መንግሥት ሲለወጥም የአዲሱን መንግሥት ሰልፍ አሰለፈ። ሰው "ለመጣው ሁሉ ያጎነብሳል" ሲለው አልካደም። የገበያ ቀን ወይዘሮ አልጣሽን ከሩቅ ካየ መንገድ ይቀይር ነበር፤ እሷ ስድብ ፈርቶ ይመስላት ነበር።

ወይዘሮ አልጣሽ በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጠኛ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል፣ "ልጄ እንደዚያው ነው። አባቱም እንደዚያ ነበር" አሉ። ወደ ዝናሽ ዞሩ።

"ለልጄ ድንኳን አልተተከለም። ሬሳ የለ፣ መርዶ የለ። ይመጣል እያልኩ..." አልጨረሱትም። "እስቲ ጠጋ በይልኝ።"

ዝናሽ ተጠጋችላቸው። አሮጊቷ ጉልበታቸውን ይዘው፣ እያቃሰቱ፣ ከጎኗ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

ትንሽ ቆይቶ ከጽጽቃ በእግር የመጡ የደግሰው የሩቅ ዘመዶች አቧራ እንደለበሱ ገቡ። የሟቹን ሚስት አያውቋትም። ፊት ያገኟቸው ወይዘሮ አልጣሽን ነበርና ጎንበስ ብለው "እግዜር ያጽናዎት" አሏቸው። ዝናሽ ልታርማቸው አፏን ከፈተች፤ ተወችው።

ወይዘሮ አልጣሽ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ጥለቱን በጣታቸው ፈልገው ወደ አንገታቸው አዞሩትና እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው ለበሱት።

"አሜን" አሉ።